ከቡታጅራ የጠፋው የበረዶ አገር

ሳጥኑ ባዶ ነበር።

መስታወቱ አልተሰበረም። ቁልፉም አልተነካም። መምህርት ሰልሚያ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ቆማ ሳጥኑ ውስጥ የተነጠፈውን ቀይ ጨርቅ አፍጥጣ አየችው፤ መጽሐፉ የለም።

የጠፋው ወደ ደቡብ ዋልታ ስለዘመቱ ሰዎች የሚተርክ የጥንት መጽሐፍ ነው፤ አንድ ስዕል እንኳ ያልጎደለው። በበረዶ የተያዘችው መርከብ፣ ውሾቹ፣ ጺማቸው በረዶ የጋገረባቸው ሰዎች፣ ሁሉም አሉበት። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሲሞቱ ለከተማው ልጆች ብለው የተዉት ነው። ሰልሚያ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ከለስላሳ ቤት ፍሪጅ ሌላ በረዶ አይተው የማያውቁ ተማሪዎቿን በየዓመቱ እያመጣች ታሳያቸዋለች። ያ ሁሉ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ሲያይ ማየት ከደሞዟ ይበልጥባታል።

የሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ እሷ ጋ፣ ሌላው የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አለሙ ጋ። አለሙ ደግሞ የሱ ቁልፍ ከቢሮው ካዝና ወጥቶ እንደማያውቅ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ጣት ሁሉ ወደ ሰልሚያ ዞረ።

ተባባሪም አልጠፋላትም። ገበያው ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ከማሉ፣ መጽሐፉን ሽጡልኝ እያለ ሰው ፊት ደጋግሞ ጠይቋት ያውቃል። ሃምሳ አለቃ ብርሃኔ ሱቁን ሲፈትሽ ያንኑ ርዕስ የያዘ መጽሐፍ አገኘ። ከማሉ ታሰረ፤ ሰልሚያም ጣቢያ ተጠራች። አለሙ ቀድሟት ወንበር ይዞ ተቀምጧል።

«ይኸው ተገኘልሽ፣ መምህርት» አለ ብርሃኔ። «ተረክቤያለሁ ብለሽ ፈርሚና በዓላችንን እናክብር።»

ገለጠችው። ከዳር እስከ ዳር ጽሑፍ ብቻ ነው።

«ይሄ የኛ አይደለም።»

«ርዕሱ ያው አይደል እንዴ?»

«ስዕል የለውም።»

አለሙ ሳቀ። «ስሚ እህቴ፣ ወንድሞቼ በሙሉ ለመስቀል ከመርካቶ ገብተዋል። አዲስ አበባ የቀረ ዘመድ የለኝም፤ ሰንጋው ቆሞ እኔን ይጠብቃል። ቃሉ እስካለ ስዕሉ ምን ያደርግልሻል?»

«ልጆቹ የሚያነቡት እንግሊዝኛውን አይደለም፣ ጋሽ አለሙ። በረዶውን ነው።»

እንቢ ካለች ስሟ በግምገማ እንደሚነሳ አለሙ አስጠነቀቃት። ይነሳ አለች። ብዕሩን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ስትወጣ ከማሉን በፍርግርጉ በኩል አነጋገረችው። የሱ ቅጂ ስዕል ስለሌለው ነበር ያኛውን የተመኘው፤ ለመሸጥ እንኳን አላሰበም። ይህን ለፖሊስ ቢናገር ማን ያምነዋል? እሷ ብትፈርም እሱ ሌባ ሆኖ ይቀራል።

በማግስቱ የደመራ ዕለት ነበር። ሰልሚያ ለዞኑ አቤት ልትል፣ ወልቂጤ ልትሄድ ጠዋት መናኸሪያ ወረደች። ከአዲስ አበባ የሚገቡት መኪኖች ጣሪያቸው እስኪጎብጥ ጭነዋል፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የስጦታ ካርቶን። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት ግን ባዶአቸውን ናቸው። የአንዱ ቅጥቅጥ ጣሪያ ላይ ብቻ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ቆጮ አለ።

አልፋው ሄደች። ከዚያ ነገሩ ከነከናት።

ለመስቀል ዋዜማ ማን ቆጮ ወደ አዲስ አበባ ይልካል? ቆጮ የሚሰደደው በዓሉ አልፎ ዘመድ ሲመለስ ነው። ዛሬማ በሊታው ሁሉ እዚህ ነው። እሷ ሙስሊም ናት፤ ግን መስቀል አክባሪ ጎረቤት መሃል ያደገ ሰው ይህን ማወቅ አያቅተውም። ረዳቱን የማን እንደሆነ ጠየቀችው።

«የአቶ አለሙ ነው። አዲስ አበባ ሰው ይቀበለዋል።»

ሰልሚያ ሄዳ መኪናው ፊት ቆመች። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ተሳደበ፣ ለመናት። ፖሊስ ካልመጣ አልነቃነቅም አለች። መናኸሪያው ተሰበሰበባት። አፍራለች፤ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ብርሃኔ እየተነጫነጨ ደረሰ። ወሬው የደረሰው አለሙም እያለከለከ መጣ።

«ቆጮው የማን ነው?» አለ ብርሃኔ።

«የኔ።»

«ለማን?»

«ለዘመድ።»

«ጋሽ አለሙ ትናንት እርስዎ ፊት አዲስ አበባ የቀረ ዘመድ የለኝም ብለዋል» አለች ሰልሚያ ወደ ብርሃኔ ዞራ።

ብርሃኔ ወደ አለሙ ዞረ። «እኔም ሰምቻለሁ። ማነው ተቀባዩ?»

ብርሃኔ ጭነቱን አስወርዶ ቃጫውን በጩቤ በጠሰ። ከላይ ቆጮ፣ ከታች ቆጮ። መሃሉ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለው መጽሐፍ ወጣ። ሰልሚያ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ገለጠችው። መርከቧ አለች፣ ውሾቹ አሉ፣ ጺማሞቹም አሉ። አንዱ ጠርዝ ብቻ ረጥቧል። እንባዋ መጣባት፤ አለሙ እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።

እጅ ከፍንጅ የተያዘው አለሙ ጣቢያ ሲደርስ ለፈለፈ። ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ቢለፋም አልተሳካለትም። ዝውውሩን የሚፈርመው ባለሥልጣን የጥንት መጽሐፍ ወዳድ ነው፤ ስዕሉ ያልጎደለ ካልሆነ ደግሞ በጉቦ አይቀበልም። ከማሉ ሰው ፊት መጠየቁ ሲሳይ ሆነለት። ቁልፉም ካዝና ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ነበር።

«እዚህ ማን ዋጋውን ያውቃል?» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የገበሬ ልጅ በረዶ አይቶ ምን ያደርጋል?»

«ያየዋል» አለች። «ሌላ ምን ያድርግ?»

ከማሉ ደመራው ሳይለኮስ ተፈታ። መጽሐፉ ግን ኤግዚቢት ሆኖ ጣቢያ ተቆለፈበት። የአለሙ ወዳጆች፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም አያየውም እያሉ ተሳለቁ።

በዓሉ እንዳለፈ ሰልሚያ ክፍሉን በሙሉ አሰልፋ ጣቢያ ደጃፍ ደረሰች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለ ብርሃኔ።

«ኤግዚቢት ለማየት ነው። እጃቸውን ታጥበዋል።»

ብርሃኔ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ገጹን ከእኔ በቀር ማንም አይገልጥም ብሎ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የቆጮ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ልጆቹ ተጋፍተው ጠረጴዛውን ከበቡት፤ መርከቧ ጋ ሲደርስ ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

ሰልፉ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ከማሉ ቆሟል። ያሰረው ሰው ፊት ምን ይበል፤ በሩ ላይ ቀረ።

ብርሃኔ አየው። ከወንበሩ ተነስቶ ለቀቀለትና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ከፈተው።