ለጊዜው የተመለሰ ቀለበት

ሰናይት ቀለበቱን ከጣቷ ልታወልቅ ስትል አልወጣ ብሎ አስቸገራት። ለንደን ውስጥ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለችው ትንሽ ካፌ ጥግ ተቀምጠው፣ ሳህሉ ስለ ሠርጋቸው አዳራሽ እያወራላት ነበር። ወሬውን ሳይጨርስ ቀለበቱን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ለጊዜው አንተ ጋ ይሁን» አለችው።

ሳህሉ ቀለበቱን አየ፤ እሷን አየ። በእኛ ደንብ ቀለበት የመለሰች ሴት ሌላ ነገር መናገር አይጠበቅባትም፤ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሰናይትም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን የሆዷን ብታወጣ መሬት የምትውጣት መስሏት አንገቷን ደፋች።

«ሌላ ሰው አለ?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የለም።»

«ታዲያ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። አትጠይቀኝ፣ በናትህ።»

ሳህሉ ቀለበቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ተነስቶ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ዞሮ ያየኛል ብላ ጠበቀች። አልዞረም።

ጉድ እኮ ነው! ልጅቱ ነፍሷን የምትሰጥለትን ሰው እንዲህ ያባረረችው ላትርፍለት ብላ ነው።

ሰናይት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አራት ጠረጴዛ የምትይዝ ቁርስ ቤት ነበረቻት። ሳህሉ የምግብ ቤት ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ መጀመሪያ የመጣውም ፍሪጅ ሊሠራ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ እንቁላል ፍርፍር ብታቀርብለት፣ ረቡዕ መሆኑን አስታውሷት ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። በሳምንቱ «ፍሪጁን ቼክ ላድርገው» ብሎ ብቅ አለ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው። ደህና ፍሪጅ እንዲህ ሲታከም አይታ አታውቅም። አንድ ቀን ሳቋን መቻል አቅቷት «ፍሪጁ ድኗል፤ የታመምከው አንተ ነህ» አለችው። ፍቅራቸው ከዚያ ጀመረ።

ከተጫጩ በኋላ የቤቱ ኪራይ ናረ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። ሰናይት ከአንዱ ባንክ እየተበደረች ለሌላው ስትከፍል ቆይታ በመጨረሻ ቁርስ ቤቱን ዘጋችው። ብድሩ ሁሉ በራሷ ስም ነበር። ለሳህሉ ግን «ደክሞኝ ለሰው አስተላለፍኩት» አለችው። በነጻ የምታማክር አንዲት የዕዳ አማካሪ ጋ ሄዳ ብትጠይቅ፣ የቀራት መንገድ ባንክራፕሲ አፕላይ ማድረግ፣ ማለትም መክሰሯን በሕግ ማሳወጅ ብቻ መሆኑን ነገረቻት።

ይኼኔ ነው አብራት የምትኖረው ኪዲ ምክር ይዛ የመጣችው። ኪዲ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ብቻ የማታውቀውን ሁሉ እንደሚያውቅ ሰው ትናገራለች። ባንክራፕት ስትሆኚ ወርቅሽን ይወስዱብሻል፤ ቀለበቱን ቶሎ ከእጅሽ አርቂው አለቻት። ቀለበቱ ደግሞ ተራ ቀለበት አልነበረም። የሳህሉ እናት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የራሳቸውን የአንገት ሐብል ቆርጠው ፒያሳ ያሠሩት ነው። የሳቸው ወርቅ በኔ ጦስ ከሚወሰድ እኔው ልቅር ብላ ቆረጠች። ምክንያቱን ልንገረው ብትል ደግሞ፣ ዘመዶቹ «ዕዳ ሊያገባ ነው» እያሉ ሲያንሾካሹኩ ታያት።

ሳህሉ ከዚያ በኋላ አልደወለም። የኪሳራው ውሳኔ ግን ሳይዘገይ መጣ፤ ከመንግሥት ቢሮ አንዲት መርማሪ በስልክ እንድታነጋግራትም ቀጠሮ ተያዘላት።

በቀጠሮው ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሳህሉ ነው፤ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ መጥቷል። ከስቷል።

ሳይቀመጥ ጀመረ። ቀለበቱ መመለሱን ለመንገር እናቱ ጋ ደውሎ ኖሯል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅም፣ ሰናይት ምን ብላ እንደመለሰችለት ቃል በቃል አስነገሩት። ከዚያ፣ አንተ ጅል፣ የጠላ ሰው ለጊዜው አይልም፤ ሂድና ምን እንደነካት ጠይቃት ብለው ስልኩን ዘጉበት።

«ይኸው መጥቻለሁ» አላት። «ምን ነካሽ?»

እንባ ቀደማት። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው፤ ብድሩንም፣ የተዘጋውን ቤትም፣ የኪዲን ምክርም። ሳህሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ንዴቱን እየዋጠ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ዕዳሽ አይደለም ያስቀየመኝ» አላት። «እኔ ምን በደልኳት እያልኩ እንቅልፍ ሳጣ፣ አንቺ ወርቅ ታተርፊያለሽ። እኔንስ ማን ያትርፈኝ?»

እጁን ልትይዘው ስትል ስልኳ ጮኸ።

ሰናይት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ሳህሉ ከኪሱ መሐረቡን አወጣና ፈትቶ ቀለበቱን ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠ። ሊመልስላት ይሁን ሊሰናበታት አልገባትም።

የመርማሪዋ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። መኪና አለሽ? የለኝም። አገር ቤት መሬት? የለኝም። ከዚያ ትንሽ ቆም አለችና፣ በቅርቡ ዋጋ ያለው ንብረት ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ነበር ወይ አለቻት።

አይ ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ወርቁ ይተርፋል፣ በውሸት። አዎ ብትል የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወርቅ ይሄዳል፤ ምናልባት ይህም ሰው ተከትሎ ይሄዳል። ቀና ብላ አየችው። ሳህሉ አልጠቀሳትም፤ ራሱንም አልነቀነቀ። ዝም ብሎ ብቻ ያያታል። ያ ዐይን ካፌው ውስጥ ምን በደልኩሽ ያላት ዐይን ነው። አንዴ ደብቃ ምን እንዳተረፈች ትዝ አላት።

«አዎ» አለች። «የወርቅ ቀለበት። ለእጮኛዬ ሰጥቼዋለሁ።»

«እጮኛዬ» ስትል የሳህሉ ዐይን እንባ አቀረረ። መርማሪዋ ቀለበቱ አሁን የት እንደሚገኝ ጠየቀች።

«እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለ ሳህሉ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «እጮኛዋ እኔ ነኝ።»

ቀለበቱ ሄደ። ኪዲ «አላልኩሽም?» አለች። ኪዲ ያልሰማችውን ነገር የነገረቻቸው አማካሪዋ ናት፤ ለካ እንዲህ ያለውን ንብረት ሌላ ሰው በተገመተው ዋጋ ከመንግሥት መልሶ መግዛት ይችላል። ሳህሉ ያን ሰሞን ብሪክስተን ገበያ ያለ የሥጋ ቤት ፍሪጅ ሁሉ ሲጠግን ባጀ። ማታ ማታ ሲደውልላት ድምፁ በድካም ይጎተታል፤ ሳይደውል ግን አይተኛም።

አንድ ቅዳሜ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ያቺው ካፌ ቀጠራት። ያንኑ መሐረብ ፈታ፤ መልሶ የገዛው ቀለበት ውስጡ ነበር።

«ሰው አማቱ ቤት ሽማግሌ ይልካል» አላት። «እኔ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተደራድሬ ነው የማገባሽ። ደግሞ ለጊዜው ብትይኝ፣ ወዮልሽ።»

ሰናይት በእንባዋ መሃል ሳቀች። በጭንቀቱ ብዛት ከስታ ስለነበር ቀለበቱ ሳያስቸግር ገባላት። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጋ ደወለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። «ወርቅዎን ለፈረንጅ አሳልፌ ሰጥቼብዎት ነበር።»

«ወርቁን ተይው፣ ልጄ» አሏት። «ያንን ጅል ልጄን መልሰሽ ወሰድሽው ወይ?»

ሰናይት ሳህሉን አየችው። ሰምቷል፤ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል።

«ወስጄዋለሁ፣ እማማ» አለች።