በተዘጋው ጋራዥ የተሰማ ሙዚቃ

ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዛ ጋራዣቸው፣ አሮጌ መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። በሩ ዝግ ነበር፤ ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል። ጭናቸው ላይ ያረፈችው ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ በቀጭን ገመድ ከመኪናው ቴፕ ጋር ተገናኝታለች። ያየ ሁሉ «ሙዚቃ ሲያዳምጡ ጭሱ ገደላቸው» አለ።

መርማሪዋ ግን ልቧ አላረፈም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። እሑድ ጠዋት ሐኪሙ በሟቹ ደም ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት እንዳገኘ ሲነግራት፣ ቁርሷን ትታ ተነሳች።

የመምህሩ ባለቤት ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳሉ።

«መድኃኒቱ የኔ ነው» አሉ ገና ስትጠይቃቸው። «እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሁለት ዓመቴ ነው። ትናንትም ከምሳ በኋላ ራሴን አሞኝ ጋደም አልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስነሳ…» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እንክብሉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ኩሽና፣ መደርደሪያው ላይ። ማንም ያየዋል።»

«ከምሳ በኋላ ሻይ ያፈላው ማነው?»

«ታናሽ ወንድሙ። እሱ እኮ ልጃችን ማለት ነው፤ እዚሁ ቤት ነው ያሳደግነው።»

ታናሽ ወንድምየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ የተመለሰው ዓርብ ዕለት ነው። ሲያወራ ይፈጥናል፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀጉሬን ልስተካከል ስወጣ በጋራዡ መስኮት አየሁት» አለ። «ማጫወቻውን በገመድ ከቴፑ ጋር አገናኝቶ፣ ድምፁን ለቆት፣ ከዘፈኑ ጋር ያንጎራጉር ነበር።»

«ሞተሩ ተነሥቶ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ቢነሣማ ዝም ብዬው እሄዳለሁ? ከዚያ ወረፋ ስጠብቅ፣ እስኪደወልልኝ ከፀጉር ቤቱ አልወጣሁም። ቤት የቀረችው እትዬ ብቻ…» ዓይኑን ወደ ሳሎኑ ጣል አድርጎ ከንፈሩን ነከሰ። «እኔ ማንንም አልከስም።»

መርፌ መኪናውን ሁለቴ ዞረችው። የግራው የፊት መብራት በእርጅና ቢጫ ሆኗል፤ የቀኙ ግን ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ውስጥ ገብታ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ስትከፍት አውራ ጣት የምታክል ዕቃ አገኘች። የጓሮውን ክፍል የተከራየውን ሬዲዮ ጠጋኝ አስጠራችው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሐሙስ ዕለት እኔ ነኝ ለመምህር የሰጠኋቸው። ማጫወቻቸውን እሷ ላይ ይሰኩና እሷን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰኳታል። ሙዚቃውን በሬዲዮ ሞገድ ለቴፑ ታቀብላለች።»

«ገመድ እያላቸው?»

ጠጋኙ ምክንያቱን ነገራት። መርፌ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች።

«መኪናው ላይ ቻርጅ ያለው ባትሪ ግጠምልኝ» አለችው። «ከዚያ ሁሉንም ጥራቸው።»

ሦስቱም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ትናንት እንዳዩት አድርገው ያገናኙት» አለችው ታናሽየውን።

ገመዱን ሰካ። እሷ ቁልፉን አዞረች። ማጫወቻዋ ላይ የዘፈኑ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ከመኪናው ግን ትንፍሽ የለም። ድምፁን ጨመረ። ነቅሎ እንደገና ሰካ።

«አትልፋ» አለችው፤ አንቱታውን ትታዋለች። «የቴፑ የገመድ መሰኪያ ከውስጥ ተሰብሯል። ጠጋኙ ሐሙስ ዕለት ሽቦዎቹን ቆርጦ ትቶታል። ወንድምህ ይህን ያውቁ ነበር፤ ገመዱን አይነኩትም። አንተ ግን ከመንገድ የተመለስከው ዓርብ ነው፤ አታውቅም። ሻይ አፍልተህ አስተኛሃቸው፣ ደግፈህ እዚህ አስቀመጥካቸው፣ ማጫወቻዋን በገመዱ አገናኘህ፣ ሞተሩን አስነሥተህ ሄድክ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያንጎራጉሩ ነበር ካልን፣ ጥርጣሬው የሚያርፈው በእንክብሉ ባለቤት ላይ ነው። ግን በዚህ ገመድ ሙዚቃ የሰማ ሰው የለም።»

ባለቤትየዋ ወደ ታናሽየው ዞሩ። «ምን በደለህ? ምን በድሎህ ነው?»

መርፌ የቀኙን መብራት ነካች። «ከአሥር ቀን በፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ተገጭታ ሞተች። የገጫት ሰው አልቆመም፤ የተሰበረ የፊት መብራት ስብርባሪ ግን መንገዱ ላይ ትቶ ሄዷል። ያን ቀን ይህን መኪና ይዞ የወጣው ማነው?»

ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

«አላየኋትም» አለ። «መብራቱን ለውጬ ሥራ ወጣሁ። ዓርብ ስመለስ ጋሼ አዲሱን መብራት አይቶ አፋጠጠኝ፤ ነገርኩት። ‹እስከ ሰኞ ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ወንድሜ… አሳልፎ ሊሰጠኝ ነበር።»

«አብሮህ ሊሄድ ነበር እኮ» አሉ ሴትዮዋ፤ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። «ዓርብ ዕለት ሁለት ሸሚዝ አስተኮሰኝ። ለምን ስለው ‹ሰኞ የምንሄድበት አለ› አለኝ። አንዱ ያንተ ነው። እዚያ ተሰቅሎልሃል።»