አክተር አይሞትም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። እነ እገሌ ቤት በሩ ይንኳኳል፣ እገሊትን መንገድ ላይ ሰው ያልሆነ ነገር ተከተላት ሲባል ቀድሞ የሚስቀው እኔ ነኝ፣ አንደኛ ጸሎት ቤት ነው ያደግኩት፣ ሁለተኛ ደግሞ ሥራዬ ከማሽን ጋር ነው፣ ዛሬ ሆሳዕና ላይ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፣ እና ማሽን ያልተቀዳበትን አያወጣም፣ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። መማል አልወድም እንጂ ቀጥሎ የምነግራችሁን እምልላችሁ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ተሰማ ይባላል። "ይባላል" ነው የምለው፣ "ይባል ነበር" ካለኝ ሰው ጋር እጣላለሁ። ቪዲዮ ቤት ሳለን እሱ ተርጓሚ ነበር፣ ልጅ የሆናችሁ አታውቁት ይሆናል፣ የውጭ ፊልም እየታየ አንድ ሰው ማይክ ይዞ እየተከተለ በአማርኛ ያወራል፣ የወንዱንም የሴቲቱንም የፈረሱንም ድምፅ ያወጣል፣ ቋንቋውን ባያውቀውም ግድ የለም፣ ፊታቸውን እያየ ይፈጥራል። ማይኩ ሲበላሽ ተመልካቹ "አልተሰማም!" ብሎ ይጮኻል፣ ሲስተካከል ደግሞ "ተሰማ! ተሰማ!" ይላል፣ ያኔ ወንድሜ ስሙን የጠሩት ይመስል ብድግ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ቤቱ በሳቅ ያልቃል። ስንት ጊዜ እንዳደረገው አላውቅም፣ ሁሌም ያስቀን ነበር።

ከአዲስ አበባ በጅምላ ካመጣናቸው ሲዲዎች መሃል አንድ የጦር ፊልም ወጣ። የየት አገር እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅኩም፣ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ሽፋኑ ላይ ትልቅ ሄሊኮፕተር አለ፣ ፊልሙ ውስጥ ግን አንድም ሄሊኮፕተር የለም፣ ጭቃ ነው፣ መራመድ ነው፣ ወታደሮች ዳቦ ሲካፈሉ ነው። ይሄንንም ሰው በትዕግሥት ያየው ነበር፣ ችግሩ መሃል ላይ አክተሩ ይሞታል። አክተር ማለት መቼም ታውቃላችሁ፣ ዋናው ሰውዬ ነው፣ ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድበት የማይነካው፣ "አክተር አይሞትም" የቪዲዮ ቤት ሕግ ነው፣ ይሄኛው ግን ከየት እንደመጣች ባልታወቀች አንዲት ጥይት ድልድይ ሥር ወድቆ በዚያው ቀረ። ተመልካቹ ሲዲው ዘሏል አለ። መልሼ አሳየሁ፣ ያው ሞተ። የቦኖሻ መስመር ሹፌር አንዱ "ቀሪውን ደብቀህብን ነው፣ አምጣ!" ብሎ አንገቴን ሊያንቀኝ ትንሽ ቀረው።

ዘዴውን ያመጣው ተሰማ ነው። በማግሥቱ አክተሩ ሲወድቅ በማይኩ "አልሞተም! ራሱን ስቶ ነው!" አለ፣ ከዚያ ፊቱ በሙሉ በፋሻ የተጠቀለለ ሌላ ወታደር ይመጣል፣ ለሱ የአክተሩን ስም ሰጠው፣ ፋሻው ውስጥ ያለው እሱው ነው ብሎ እስከ መጨረሻው አስኬደው፣ ቤቱም አስገባው። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። በዚህ ተበረታትተን ድምፁን ፊልሙ ላይ ቀዳነው፣ ጥር ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታ እንዳያስቸግረን ብለን በጋውን ጠብቀን፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ከዚያም "አክተር አይሞትም" የሚል ሽፋን አሳትመን ሰው ቤቱ ወስዶ የሚያየው ሲዲ አወጣን። ዱራሜ ወሰድነው፣ ዶዮገና ገበያ አዞርነው፣ የሚገዛ ጠፋ። ጊዜው ወደ ፍላሽ ዞሮ ነበር፣ እኛ ነን ያልነቃነው። እማዬ ሲዲዎቹን በክር እያሰረች ወፍ እንዲያባርሩላት ስንዴው ላይ ሰቀለቻቸው፣ ንፋስ ሲያዞራቸው ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ "ይኸው ፊልምህ ሥራ ያዘ" እያለች ታበሽቀው ነበር። ከየዓመቱ ስንዴ ጋር ወጡ ወረዱ፣ አንዲት ብቻ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረፈች።

ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፣ ተሰማ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ወታደር ሆነ፣ ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ኋላ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም አለ፣ ከዚያ ወዲህ ተሰማ አልተሰማም። ሰላም ሆነ ተባለ፣ የሌላ ሰው ልጅ ተመለሰ፣ ያልተመለሰውም መርዶው ደረሰ፣ የኛ ግን እሱም የለም መርዶውም የለም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ታውቃላችሁ፣ ጎረቤትም ምን ብሎ እንደሚገባ ጨነቀው፣ "እግዜር ያጽናችሁ" እንዳይል አልሞተም፣ "እንኳን ደስ ያላችሁ" እንዳይል አልመጣም። እንዲህ ሆነን ዓመታት ተቀመጥን።

ባለፈው ኅዳር የሟች አባታችን ታላቅ ወንድም ከሀቢቾ መጣ። የተነጋገሩት በሀዲይኛ ነው፣ ለእናንተ ዛሬ ተርጓሚው እኔ ነኝ።

"እህቴ፣ አብሮት የነበረ ልጅ አገሩ ገብቷል። አግኝቼዋለሁ። ተሰማ ሲወድቅ አይቻለሁ ብሏል" አላት። "ወጋችንን እናድርግ፣ እሑድ ድንኳን እንትከል። አንቺም አልቅሰሽ ይውጣልሽ።"

እማዬ ስንዴ እየለቀመች ነበር፣ እጇን አላቆመችም።

"ሲወድቅ አየሁ አለ፣ ወይስ ሲቀበር?"

"ሲወድቅ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ራሱን ስቶ ይሆናል።"

አጎቴ ወደኔ ዞሮ አየኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። እማዬ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፍታ "ሲዲውን ክፈቱልኝ፣ ድምፁን ልስማ፣ እዚያ ድልድዩ ጋ አልሞተም ካለ አላለቅስም፣ ካላለ ድንኳናችሁን ትከሉ" አለች። አጎቴ ተቆጣ፣ "ወንጌል የተቀበልሽ ሰው ጥንቆላ ጀመርሽ እንዴ?" አላት። "የልጄ አፍ ነው፣ ጥንቆላ አይደለም" አለችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደስ አለኝ። የቀዳሁት እኔ፣ ምን እንደሚል የማውቀው እኔ፣ ማሽን ቃሉን አይለውጥም፣ አልሞተም ይላል፣ ድንኳኑም ይቀራል። ጨካኝ ነው በሉኝ፣ እኔም ያ ድንኳን እንዲተከል አልፈለግኩም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዴኩን ከፈትኩት። የተሰማ ድምፅ ቤቱን ሞላው፣ ያ ጉሮሮውን የሚጠርግበት ነገር፣ የተቀመጠባት ወንበር ሲጢጥ ማለቷ ሁሉ ሳይቀር አለ፣ እማዬ ቴሌቪዥኑን በመዳፏ ነክታ ቁጭ አለች። ዳቦ የሚካፈሉበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ እየበረታ። በኅዳር ምን ዝናብ ነው፣ የደጁ ስንዴ ታጭዶ አላለቀ ብዬ ወጣሁ።

ደጁ ደረቅ ነው። አቧራ። ሰማዩ ላይ አንድ ቁራጭ ደመና የለም፣ የእንሰቱ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም፣ ስንዴው ላይ የተሰቀሉት ሲዲዎች ግን ይዞራሉ፣ ሁሉም፣ ቀስ እያሉ፣ ፀሐይዋ ገብታ ሳለ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። እመኑኝ፣ ቆሜ ንፋሱን በፊቴ ፈለግኩት፣ የለም። ስገባ ዝናቡ ቤት ውስጥ እየዘነበ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ነው የሚመጣው። እኛ በጥር የቀዳነው ላይ።

ድልድዩ ደረሰ። አክተሩ ወደቀ። ተሰማ "ሞተ" አለ።

"አል" የለም፣ መጨረሻው "ም" የለም፣ ደግሞም በተርጓሚ ድምፁ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ሲመሽ መብራት አጥፉ በሚልበት በደከመ ድምፁ ነው፣ "ሞተ"። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተናገረም። ባለፋሻው ወታደር መጣ፣ ስም የሚሰጠው አጣ፣ በማናውቀው ቋንቋ እያወራ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ቤቱ ይሁን የሌላ ሰው ቤት ሳናውቅ ገባ።

"ሰማችሁ?" አለች እማዬ፣ እጇን አጨብጭባ። "አልሞተም አለ!"

አጎቴ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። አስፋልቱ ድረስ ሸኘሁትና "አጎቴ፣ ምን ሲል ሰማኸው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ፣ ዝናቡ መች አሰማኝ" አለ፣ ይሄን ብሎ ቆመ፣ አቧራ የለበሰ ጫማውን አየ፣ ደረቅ ኮቱን በእጁ ዳበሰ። "ግባ፣ እናትህ ብቻዋን ናት" አለኝና ዞር ብሎ ሳያየኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አልመጣም።

እማዬ ስትተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሲዲውን መልሼ ከፈትኩት። "አልሞተም! ራሱን ስቶ ነው!" ይላል፣ ጥርት ብሎ፣ ዝናብም የለ ምንም የለ። ተጭሮ ይሆናል አልኩ፣ ጭረቷ "አል"ን በልታብን ይሆናል፣ የተጫረ ሲዲ ግን ምስሉንም ያዘልላል፣ ምስሉ ደግሞ ንቅንቅ አላለም፣ ይሄን የምነግራችሁ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

ጠዋት እማዬን ፈልጌ ጓሮ ገባሁ። እንሰቱ መሃል፣ ከመንገድ ማንም በማያያት ቦታ ቁጭ ብላለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳዋለች፣ ለሞተ ሰው እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ። ስታየኝ ቶሎ ብላ አዞረችው።

"አንተ ማታ ምን ሰማህ?" አለችኝ።

"አልሞተም አለ እንጂ፣ እማዬ።"

"እኔም" አለች። ሁለታችንም እንሰቱን አየን።

ስንዴው ከታጨደ በኋላ በነጠላዋ ጫፍ ሙሉ ሲዲ ይዛ ገባች፣ ከማሳው ላይ ፈትታ፣ አንድ በአንድ ጠርጋ። "እነዚህንም ሞክራቸው" አለችኝ። ፀሐይና ዝናብ የበላቸው ናቸው፣ ብራቸው ተልጦ ወዲያ ማዶ ያሳያሉ፣ አይሠሩም ብላት አልሰማ አለች። አስገባሁ፣ ዴኩ "ኖ ዲስክ" አለ፣ ሌላ አስገባሁ፣ "ኖ ዲስክ"፣ ሌላ፣ ሌላ። መጨረሻ ላይ ከሁሉም የተላጠችውን፣ መስተዋት የመሰለችውን አስገባሁ። ዞረች። ምስል የለም፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው፣ ዝናቡ ግን ጀመረ።

እጄን ላጥፋው ብዬ ስሰድ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተወው" አለች። "ዝናቡ ያባራና ይናገራል።"

ይኸው ስንት ወር ሆነ፣ ሲመሽ ከፍታልን አጠገብ ለአጠገብ እንቀመጣለን። እስካሁን አላባራም።