ያልተስተካከለው ዲስክ

እንዳልካቸው የመጨረሻ ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው ወይስ ሌላ ሰው ጨረሰለት?

ኢንስፔክተር ሁዳ መካነ ሰላም ወደሚገኘው ኮምፒውተር ቤቱ በጠዋት ስትገባ መልስ አልነበራትም። ባለቤቱ እንዳልካቸው ከወንበሩ ሥር ወድቋል፤ ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቷል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሃርድ ዲስኮች ተደርድረዋል። በሁለቱ ላይ «የደንበኞች ፋይል» እና «ፎቶ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሦስተኛው፣ ፕሮግራሞች የተጫኑበት ዲስክ፣ ምንም አልተጻፈበትም።

በሩ ላይ የሟች እህት እንቁ፣ የቤቱ ሠራተኛ በሆነችው ራሕማ ላይ ትጮሃለች።

«ከሱ ጋር የዋልሽው አንቺ ነሽ! ወንድሜን ገድለሽ ደግሞ ፊቴ ትቆሚያለሽ?»

«እትዬ እንቁ፣ ወላሂ አልነካሁትም። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ሥራ የለም ብሎ አሰናበተኝ። ወረኢሉ ሄጄ አደርኩ።»

«ለዳኛ ትነግሪዋለሽ!»

የእንቁ ባል ባህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ በዘጠኝ ሰዓት የአማቴን ኑዛዜ በፍላሽ አምጥቼ ነበር። እንዳልካቸው ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነልኝና ወጣሁ። አብራው የቀረችው እሷ ናት።»

ፖሊሶቹ ራሕማን ሊወስዷት ቀረቡ። ሁዳ በእጇ ከለከለቻቸው።

«ዲስኮቹን ምን ያደርጋቸው ነበር?» ስትል ራሕማን ጠየቀች።

«አንዱ ሰነድ ሦስት አራት ቦታ ተበትኖ ነበር። የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን እያየ ትርፉን ያጠፋል። የፕሮግራሞቹን ዲስክ ገና አልጀመረውም።»

«መብራት ሲመጣስ መጀመሪያ የምትሠሩት ምንድን ነው?»

«ቀንና ሰዓቱን እናስተካክላለን። የውስጥ ባትሪው ስለሞተ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ይመለሳል። ሳናስተካክል አንዲት ፋይል አንነካም።»

ሁዳ ሁለት ሰዓት ያህል ስክሪኑ ላይ ተተከለች። ከዚያ ሦስቱን ጠራች።

«ኑዛዜው ይኸው። ቤቱ ለእንቁ ይላል። ዲስኩ ላይ የተጫነበት ቀን ግን እኔ ገና ተማሪ የነበርኩበት ዘመን ነው።»

«ማሽን አይሳሳትም እንዴ?» አለ ባህሩ።

«ይሳሳታል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ። በዘጠኝ ሰዓት ተጭኖ ቢሆን የትናንት ቀን ይኖረው ነበር። መብራት የመጣው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። እንዳልካቸው ወይም ራሕማ ቢሆኑ ቀኑን ያስተካክሉ ነበር። የነካው ይህን የማያውቅ ሰው ነው፤ ፍላሹም የእርስዎ ነው።»

«ስገባ ሞቶ ቢሆንስ?»

«ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብለው ፋይል ይጭኑ ነበር? ለምን አልጮኹም?» ሌላ ፋይል ከፈተች። «ይህን ከፕሮግራሞቹ መሃል አገኘሁት። ያው ኑዛዜ፣ ያው ፊርማ፤ ቤቱ ግን ለእንዳልካቸው። እርስዎ ያጸዱት የደንበኞቹን ዲስክ ብቻ ነው። ፍላሽዎ ላይ ያለውንና ዲስኩ ላይ የነበረውን እሱ ሳይጭንልዎት ጎን ለጎን አይቷቸዋል፤ አይደል?»

ባህሩ ወደ ሚስቱ አልዞረም። «ለእንቁ አሳያታለሁ አለኝ። ለምኜው ነበር።»

እንቁ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ራሕማ ልታነሳት እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ!» አለች እንቁ። «ምነው ገዳዩ አንቺ በሆንሽ!»

በሦስተኛው ቀን ራሕማ ከለቅሶው ድንኳን ማዶ ቆማ ስልኳ ላይ ጻፈች፦ «እትዬ እንቁ፣ ገብቼ ላልቅስ?»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ መልስ አልመጣም።