ማስታወሻ ቁጥር ሠላሳ አንድ

የሊድሱ ብስኩት ፋብሪካ የሒሳብ ሹም ኦወን ፓርጌተር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንገቱ ተሰብሮ ከደረጃው ሥር ተገኘ። ያገኘችው እንግዳ ተቀባይዋ ኤድና ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት አገልግላ ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ቀርቷታል።

ኢንስፔክተር ሞይራ ታክሬይ ከሬሳው ይልቅ የሟቹ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ቆየች። ኦወን ከዓመታዊ ሪፖርቱ ስለ ሠራተኛው ጡረታ የሚያወራውን ማስታወሻ ቁጥር ሠላሳ አንድን ሰርዞ በምትኩ «ከጡረታችሁ ሲሶው አይከፈላችሁም» ብሎ ጽፏል። ገጹ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ አንዴ ብቻ ታትሟል። ወረቀቱ ግን የለም።

ከሟቹ ሌላ የሕንፃው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። በየተራ ጠርታ የተሰረዘውን የድሮ ማስታወሻ ሰጠቻቸው።

«ይኼ ምን ይላል?»

«ሦስቴ አነበብኩት እኮ» አለች ኤድና። «ደህና ነው መሰለኝ።»

የውጭ ኦዲተሯ ኢሞጅን ፓስክ መነጽሯን አስተካከለች። «በሒሳብ ስታንዳርዱ መሠረት ተጽፏል።»

«ምን ይላል ነው ያልኩዎት።»

«እሱን ቁጭ ብሎ ማስላት ይጠይቃል።»

ፋብሪካውን ሊሸጥ ገዢ እያነጋገረ ያለው የቦርዱ ሊቀ መንበር ሰር ፒርስ ላንግሪሽ ሰዓቱን አየ። «የጡረታው ሲሶ አይከፈልም ይላል። ምን የተደበቀ ነገር አለ? ኦወንን እንደሆነ ካየሁት ሳምንቴ ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሰር ፒርስ፣ ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

አነበበ። ማስታወሻው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቴ ትንፋሽ አጠረው።

«ሲሶ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ሰር ፒርስ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ወይዘሪት ፓስክ፣ ከዚህ ላይ ሲሶን ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ለእኔ ሁለት ቀን። ኦወን ራሱ ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ነው ‹ስሌቱን አሁን ጨረስኩ› ብሎ የጻፈልኝ። ውጤቱን አልነገረኝም።»

«እንግዲያው ሲሶ የሚለው ያለው በኦወን ኮምፒውተርና በጠፋችው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሰር ፒርስ፣ ሠራተኛው ካወቀ ፋብሪካውን የሚገዛዎት አይኖርም፤ ስለዚህ ከደረጃው ገፈተሩት። የኦወን መስመር ስለገባዎት የድሮውም ለሁሉም የሚገባ መሰለዎት።»

ወረቀቷ ከሰር ፒርስ ኮት የውስጥ ኪስ ወጣች።

«ሪፖርቱ እንከን የለውም!» ብሎ ጮኸ ካቴናው ሲገባለት። «እያንዳንዱ ቃል በስታንዳርዱ ነው!»

ሞይራ ወደ ኦዲተሯ ዞረች።

«እውነቱን ነው» አለች ኢሞጅን፣ ቅንጣት ሳታፍር። «የድሮው ማስታወሻ እንዳለ ይታተማል። እኔም እፈርምበታለሁ።»

ኤድና ወረቀቷን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አንዴ አነበበቻት። አንዴ በቃት።

«ይቺን ስለጻፈልን ነው የገደሉት?»