ሦስተኛዋ ሉሉ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ፀሐዩን ሽሹና ከጀልባዋ ጥላ ሥር አረፍ በሉ። የማጫውታችሁ እዚሁ ቀይ ባሕር ዳር፣ ሁርጋዳ፣ በእኛው ሰፈር ልጅ ላይ የደረሰ ነው። ረጅም አይደለም፤ ግን አንዴ ከሰሙት ቶሎ አይለቅም።

ሹሩቅ ከገንዳው ጠርዝ ተነስታ ዓሣ ወደሚዘጋጅበት ክፍል ስትሮጥ እግሯ ሁለቴ አዳለጣት። አጎቷ ሻዝሊ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የሰርዲን ጉንጭ በአውራ ጣቱ እየከፈተ የዶልፊኖቹን ኪኒን ይወሽቃል።

«አጎቴ፣ የሉሉ ክንፍ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?» አለ ሳይዞር።

«ጠርዙ ጎደሎ ነበረው እኮ፤ የተገመጠ ዳቦ የሚመስል። አሁን የለም።»

«ድኖ ይሆናላ።»

«የተገመጠ ነገር መልሶ ይበቅላል እንዴ? የባዮሎጂ አስተማሪያችን በሰማህ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሻዝሊ እንዲህ ስትለው በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ያቺኑ አንዷን ሰርዲን ይዞ ቀረ።

ሹሩቅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሻዝሊ የእናቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን በአንድ ትልቅ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዶልፊኖችን ያሠለጥናል። ለዕረፍት ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶች አብረዋቸው ይዋኛሉ፤ ጀርባቸውን ይዘው ይጎተታሉ፤ ጉንጫቸውን ይሳማሉ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የሹሩቅ አባት ለሥራ ኩዌት የሄደ ሰሞን፣ ልጅቷ ከሰው ጋር ማውራት አቁማ ነበር። ምግብም እንቢ አለች። አጎቷ አንድ ቀን እጇን ይዞ ገንዳው ውስጥ አስገባት። ሉሉ መጣችና ሆዷን መዳፏ ላይ አሳረፈችላት። እንደ ተላጠ እንቁላል ለስላሳ ነው፤ ግን የሚሞቅ፣ የሚተነፍስ። ሹሩቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። በዚያች ቅጽበት የተነሳው ፎቶ በር የሚያህል ተደርጎ የሆቴሉ መግቢያ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «የሉሉ እህት» ይላታል።

በዚህ በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ለአክብሮት «ኡስታዝ» ለሚለው ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ለዋጊህ አዲስ ሐሳብ መጣለት። ሐሙስ በእንግዶች ፊት «ሹሩቅና ሉሉ ዳግም ተገናኙ» ተብሎ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አኳኋን ፎቶ ይነሳል። ሹሩቅ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጥታ ነበር። ትምህርት ይዟት ዓመት ያህል ገንዳው ጋ አልደረሰችም ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ የመጣችው ናፍቆት አላስችል ብሏት ነው።

«ሞታለች» አለ ሻዝሊ በመጨረሻ። «በረመዳን።»

ሹሩቅ ከበሩ መቃን ጋር ተጣበቀች።

«መብላት አቆመች። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። አራት ቀን ሙሉ ውኃ ውስጥ ሆኜ ይዣት ነበር።» ሰርዲኗን ባልዲው ውስጥ ጣላት። «ስናወጣት እንኳ ትስቅ ነበር፣ ሹሹ። አፋቸው አፈጣጠሩ ነው እንጂ ሳቅ አይደለም። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ያን ቀን ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

«ታዲያ ይቺኛዋ?»

«በአውሮፕላን መጣች፤ ከሩቅ ባሕር። ሉሉ ተባለች። ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ፎጣው ላይ ተጠልፏል፤ ኩባያው ላይ ታትሟል። ዶልፊኗ ትሄዳለች፣ ስሙ ይቀራል። እኛ ዘንድ አሠራሩ እንዲህ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ያንቺዋም የመጀመሪያዋ አልነበረችም። ሁለተኛዋ ናት።»

ከውጭ ፉጨት ተሰማ። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሁለት ቦታ ይሰበራል፣ ያልቃል። ሹሩቅ ታውቀዋለች። የሉሉ ፉጨት ነው። ደንግጣ አጎቷን አየችው።

«ፋሪስ ነው» አለ። ፋሪስ ከሟቿ ጋር አብሮ የኖረው ሽማግሌ ዶልፊን ነው። «እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፉጨት አላቸው፤ እንደ ስም በይው። አንዱ ከጎደለ ሌላው በዚያው በጎደለው ዶልፊን ፉጨት ይጠራዋል። እሷን ያወጣንበት ጥግ ሄዶ ይቆምና ይጠራታል። ስምንት ወሩ ነው።»

ሹሩቅ ፉጨቱ ወደመጣበት ዞረች።

«ሐሙስን እርሺው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ሻዝሊ፤ «ግን ዋጊህ እንግዶቹን ጠርቷል። ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ፣ የኔ እናት። እኔ ከዚህ ብባረር እነዚህን ማን ያያቸዋል? ሌላው አሠልጣኝ ኪኒናቸውን እንኳ አይቆጥርላቸውም።»

በማግሥቱ ነገሩን ለጓደኛዋ ለጂሃን ብቻ አወራቻት። በታሚያ፣ በተጠበሰ የባቄላ ጥፍጥፍ፣ የተሞላ ዳቦ እየገመጡ ግንብ ላይ ተቀምጠዋል። ጂሃን ሐሙስ አብራ እንድትዋኝ ሻዝሊ ፈቅዶላታል፤ ከሳምንት ጀምሮ የምታወራው ሌላ ነገር የለም።

«እና?» አለች ጂሃን አፏን ሞልታ። «አንዷ ዶልፊን ከሌላዋ በምን ትለያለች? ሳሚያት፣ ፎቶሽን ተነሺ፣ በቃ። ስታጋንኚ!»

«ስሟ እኮ አይደለም።»

«እሷ መታወቂያ አላወጣች! ስሚኝ፣ እናቴ ሆቴሉ ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ለእንግዳው ሁሉ ፈገግ ትላለች። ከልቧ ይመስልሻል? ሥራ ነዋ።»

«እናትሽ ማታ ቤቷ ትገባለች» አለች ሹሩቅ።

ጂሃን ማላመጧን አቆመች። ከዚያ «ደግሞ ጀመረሽ» ብላ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት፤ ግን የቀረውን ዳቦ አልበላችውም።

ያን ቀን ሙሉ ፉጨቱ ሹሩቅን አልለቀቃት አለ። የማንቆርቆሪያው አፍ ያፏጫል፤ ሁለት ቦታ ይሰበራል። የዳቦ ሻጩ ብስክሌት ፍሬን ሲይዝ ያፏጫል፤ ሁለት ቦታ ይሰበራል። ክፍሏ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብላ ስታይ ሉሉ ትስቃለች። አሁን ግን ሹሩቅ ሳቁን ማየት አልቻለችም። ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዞረችው። እንደገና መለሰችው። ጀርባውን ስታየው ይብስ አስፈራት።

ሐሙስ ከሰዓት ገንዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። ጂሃን የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ለብሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትስቃለች፤ ብርድ አይደለም፣ ጉጉት ነው። ሹሩቅ የመዋኛ ልብሷን ለብሳ መውረጃው ደረጃ ላይ ቆመች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ነካት። እውነቱን ልንገራችሁ ልጆቼ፣ መግባት አማራት። ያቺን ሙቅ ሆድ እንደገና መዳፏ ላይ ብታገኝ፣ ምናልባት ያቺ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅም አብራ የምትመለስ መሰላት።

«ክቡራን እንግዶቻችን!» አለ ኡስታዝ ዋጊህ በድምፅ ማጉያው። «በር ላይ ያያችኋት ልጅ ይቻትና! እስቲ ሁላችንም... ሉሉ!»

ሻዝሊ እጁን አነሳ። ዶልፊኗ ከሥር ወጥታ ሹሩቅ እግር ሥር ብቅ አለች። ክንፏ ሙሉ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። አናቷ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ ተከፈተች፤ ፉጨትም ወጣ። ቀጥ ብሎ ወጣ። ሁለት ቦታ ተሰበረ።

የሟቿ ስም ነው። ይቺ እንግዳ ከፋሪስ ስትሰማ ስትሰማ ለምዳዋለች።

ከወዲያኛው ጥግ ፋሪስ ውኃውን እየሰነጠቀ መጣ። ሽማግሌ እንደዚያ ሲፈጥን አይታ አታውቅም። አጠገቧ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንዴ ዞራት። ሁለተኛ ዞራት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወደ መጣበት ጥግ ተመለሰ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሻዝሊ ማሠልጠኛ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ መንፋቱን ረሳው።

«አያችሁ? እየጠራቻት ነው!» አለ ዋጊህ። «ግቢ እንጂ ሹሩቅ፣ ሳሚያት!»

ከፊት የተቀመጠች ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ክንዷ ላይ በአየር የተነፋ መንሳፈፊያ ያደረገች፣ ደረጃው ድረስ መጣች። በአነጋገሯ ከደቡብ፣ ከላይኛው ግብፅ የመጣች ናት።

«እትዬ፣ ታስታውስሻለች?»

ዋጊህ የድምፅ ማጉያውን ሹሩቅ አፍ ላይ ደቀነ። ሹሩቅ ወደ አጎቷ አየች። ሻዝሊ ራሱንም አልነቀነቀም፣ ዓይኑንም አላሸሸም። ማጉያውን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ገፋችው፤ እግሯን ከውኃው አወጣችና ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አታስታውሰኝም፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት በራሷ ድምፅ። «እኔን የምታውቀኝ ሞታለች። ይቺ ሌላ ናት።»

ልጅቷ አሰበች። «ታዲያ ይቺ ስሟ ማነው?»

ሹሩቅ ዞራ ዶልፊኗን አየቻት።

የቅርቦቹ ሰምተው ተንሾካሾኩ። የልጅቷ እናት መንሳፈፊያውን ከክንዷ አወለቀችላትና ይዛት ሄደች። ሌሎቹ ግን ተራቸውን ጠብቀው ገቡ፤ ጂሃንም ገባች። ስትጎተት ሳቋ ገንዳውን ሞላው፤ ሹሩቅም አልፈረደችባት፤ ሳቁን ታውቀዋለቻ። ዋጊህ ሻዝሊን «ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ» ብሎት አለፈ።

ሰው ሲበተን አጎትና የእህት ልጅ ባዶ ባልዲዎቹ መካከል ተቀመጡ።

«ጉድ አደረግኩህ?» አለች።

«ጠዋት እናየዋለን።» አንዱን ባልዲ ሌላው ውስጥ ከተተ። «ለምን ተናገርሽ ብዬ ግን አልጠይቅሽም።»

«አጎቴ፣ ልጅቷ የጠየቀችኝን አንተ ታውቀዋለህ? ይቺ ስትመጣ ምን ብላ ነበር የምታፏጨው?»

ሻዝሊ ከንፈሩን አሹሎ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንደገና ሞከረ። ፉጨቷ አጭር ናት፤ ከላይ ጀምራ ትወርዳለች፣ መጨረሻዋ ላይ ትንቀጠቀጣለች። «አሥራ አምስት ቀን ያህል እንዲህ አለች። የሚመልስላት ስታጣ ተወችው።»

ሹሩቅ ፉጨት አትችልም ነበር። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሻዝሊ ደገመላት፤ እሷም ደገመች፤ ፀሐይዋ ከሆቴሉ ኋላ እስክትወርድ ድረስ፣ ልክ እስኪመጣላት ድረስ። ከዚያ ተነስታ ብቻዋን ወደ ገንዳው ጠርዝ ሄደች።

እንግዲህ ተነሱ ልጆቼ፣ እናቶቻችሁ ይጠብቋችኋል። ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ በዚያ በር ስታልፉና ያን ስም ስታነቡ፣ ሦስት እንደነበሩ አስታውሱልኝ።