የአሠልጣኝ አምባው ተወዳጅ አፖች

አሠልጣኝ አምባው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። በቀኙ ግማሹ የተጠጣ ዝንጅብል ሻይ፣ በግራው የሚያብረቀርቅ ታብሌት፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ግድግዳውን የሞላ የገዛ ፎቶው ነበር። ከፎቶው ሥር «ሕይወትዎን ያደራጁ! አፕ ይጫኑ!» ይላል። ኢንስፔክተር ብዙወርቅ ሬሳውንም ፎቶውንም አየት አድርጋ ወደ ሻዩ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ያዘች። ሻዩ ፀረ ተባይ ይሸታል።

ቢሮው ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰውየው እዚህ ሆኖ ከቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ጨርሶ የሚወጣውን፣ ከኮዬ ፈጬ በአውቶቡስ ተጋፍቶ የሚመጣውን ወጣት እየሰበሰበ ስለሚወዳቸው አፖች ይሰብክ ነበር። ቀን የሚያቅድ አፕ፣ ድርሰት የሚጽፉበት አፕ፣ ወፍራም መጽሐፍ ጨምቆ በሻይ ሰዓት የሚያስጨርስ አፕ! አንደኛውማ «ውኃ ጠጣ» እያለ የሚጨቀጭቅ ነው። እስቲ አሁን፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ብዙወርቅ ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ፤ ሬሳ ፊት ስለቆመች ዋጥ አደረገችው።

ሳጅን ፀሐዩ ግን ሥራው ያለቀለት መስሎት ደረቱን ነፍቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ አልቋል። ገዳይዋን ይዣታለሁ። ሟቹ ራሱ ነው የነገረን» አለና ታብሌቱን ከፈተላት። የዛሬው ዕቅድ ላይ «ጠዋት፦ ዝንጅብል ሻይ ከሌንሳ ጋር» የሚል ተጽፏል። ሌንሳ የቢሮው ጸሐፊ ናት።

«እሷስ ምን አለች?»

«ሻዩን በፔርሙዝ አስቀምጬ በራሪ ወረቀት ላመጣ ሳሪስ ማተሚያ ቤት ሄጄ ነበር ነው የምትለው። ማን ያምናታል? ሰውየው በገዛ እጁ ጽፎታል እኮ! ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«በገዛ እጁ? እጁን አይተኸዋል?»

ሳጅኑ አላየውም። ብዙወርቅ የሟቹን ግራ መዳፍ ገለበጠችው። በሰማያዊ እስክሪብቶ «እንቁላል። የመብራት ካርድ። ሱሪ ከልብስ ሰፊው» የሚል ተጭሮበታል። ቀጥላ ታብሌቱን አነሣችው። በየማስታወቂያው ላይ ሰውየው እንደ ልጅ አቅፎት የሚታየው ታብሌት ይኸው ነው፤ የፋብሪካ ላስቲኩ ግን እስካሁን አልተላጠም።

ደረጃው ላይ የሌንሳ አባት አቶ ቃልቤሳ የስምንት ወር የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሕፃኑ እሪ ይላል።

«ጡጦ አይዝም፣ ልጄ» አሏት ኢንስፔክተሯን፤ «ከእናቱ ጡት ሌላ አያውቅም። ካሰራችኋት እኔ ይሄን ልጅ ምን ላድርገው?»

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለቻቸው ብዙወርቅ።

መጀመሪያ የጠራችው የሟቹን ሚስት እየሩሳሌምን ነው። ጥቁር ነጠላ አጣፍታለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ባልሽ ከአፖቹ ሁሉ የትኛውን ይወድ ነበር?»

እየሩሳሌም ሳታስበው ፍርስ ብላ ሳቀች። «አምባው? ኧረ በስማም! ስልኩ ላይ ካርድ ለመሙላት እንኳን እኔን ነው የሚጠራው። ጉዳዩን ሁሉ እጁ ላይ ይጽፍና አንሶላዬን በቀለም ያበላሽብኛል። የተደራጀው አፉ ብቻ ነው።»

«ትጠዪው ነበር?»

«እንቀው ነበር። ይለያያል።»

ቀጥሎ ረዳት አሠልጣኙ የሺዋስ ገባ። ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቋል። ገና ከመቀመጡ የእጅ ሰዓቱ ጢጥ አለችበት፤ ወዲያው ከቦርሳው የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥቶ ውኃ ተጎነጨ። ብዙወርቅ ከላይ እስከ ታች አየችውና ያንኑ የአፖቹን ጥያቄ ጠየቀችው።

«የቀን ዕቅዱን ነዋ! ጋሼ አምባው እዚያ ላይ ያልጻፉትን አያደርጉም፤ የጻፉትንም አያስቀሩም። ሳጅኑ እንዳሉት ‹ሻይ ከሌንሳ ጋር› ብለው ከጻፉ፣ ከሌንሳ ጋር ጠጥተዋል ማለት ነው።»

«አንተስ በአፕ ትጽፋለህ?»

«ልቦለድ ጽፌያለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አራት ዓመት የለፋሁበት ነው። በመጻፊያው አፕ ላክሁላቸው። ‹ተነቧል› ይላል። መልስ ግን የለም።»

«አትጠይቃቸውም ነበር?»

«ምን ብዬ? በየሥልጠናው ይናገሩት የለ! ‹ልካችሁልኝ ካልመለስኩ፣ አንብቤ ንቄዋለሁ ማለት ነው› ይላሉ። አዳራሹ ይስቃል።»

«አንተም?»

«እኔም እስቃለሁ» አለ። የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

በመጨረሻ ሌንሳን አስገቧት። እጇ በካቴና ታስሯል፤ ወተቷ ፈስሶ ቀሚሷን አርሶታል። ጥያቄውን ስትሰማ ዞር ብላ በሩን አየች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሞቷል! ማነው የሚያባርርሽ?»

ሌንሳ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ጋሽ አምባው አንዱንም አይወዱም። ከፍተውም አያውቁ። የሚመጣውን ሁሉ በኮምፒውተሬ የምከፍተው እኔ ነኝ። ዕቅዱንም ለማስታወቂያ እንዲያምር እኔ ነኝ የምሞላው። ይሄን የሻዩን ግን አልጻፍኩም። ጽሑፍ ለሚልክላቸው ደግሞ ለማንም እንዳትመልሺ ብለውኛል፤ ዝም ያለ ሰው ይከበራል ይላሉ።»

ብዙወርቅ ፀሐዩን ወደ ውጪ ጠርታ መናኸሪያው ጀርባ ወዳሉት የፀረ ተባይ ሱቆች ላከችው። ሲመለስ ሁሉንም የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ ሰው» አለች፣ «አፕ ሲያስተምር ኖሮ አፕ ሳይከፍት ሞተ። የታብሌቱን ላስቲክ እንኳን አልላጠም። ቀጠሮውን የሚይዘው እጁ ላይ ነው፤ እጁ ላይ ደግሞ ሻይም የለ፣ ሌንሳም የለችም። ስለዚህ ታብሌቱ ላይ ያለውን የጻፈው ገዳዩ ነው። ሌንሳ ብትሆን ሰው ገድላ የራሷን ስም አትጽፍም። ሚስቱ ብትሆን ‹ባሌ አፕ አይነካም› ብላ ያጠመደችውን ወጥመድ በገዛ አፏ አታፈርስም ነበር። ሁለቱም ጉዱን ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን ውሸት ሠርቶ ይታመንልኛል የሚል፣ አምባው እውነት እዚያ ላይ ይጽፋል ብሎ ያመነ ሰው ነው። እዚህ ቤት እሱን ያመነው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔም አምኜ ነበር» አለ ሳጅን ፀሐዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተማ ምን የማታምነው አለ!»

የሺዋስ ብድግ አለ። «ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«መርዙን የሸጠልህ ባለሱቅ ታች ቆሟል። ሰዓትህ ጢጥ ስትል ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ትተህ ውኃ ስትጠጣ ገርሞት አይቶሃል። መልክህን አልረሳውም። ሌንሳ ሳሪስ ስትሄድ ጠብቀህ ገባህ፤ ሻይ ቀዳህለት፤ ጠጥቶ ሲደፋ ስሟን ጻፍክ። ታብሌቱን በየሥልጠናው የምታበራው አንተ ስለሆንክ የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለህ።»

ልጁ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተዘረገፈ።

«ናቀኝ!» ብሎ ጮኸ። «አራት ዓመት! ዓይኔ እስኪጠፋ የጻፍኩትን አንብቦ ናቀኝ! ትናንትም ያችኑ ቀልዱን ደገማት፤ ዓይን ዓይኔን እያየ! ሰው ሁሉ ሳቀብኝ!»

«አላነበበውም» አለች ብዙወርቅ።

«ምን?»

«አላነበበውም። መክፈቻው የት እንደሆነ አያውቅም ነበር። ዓይንህን ያየህ፣ ሰው ፊት ሲያወራ ሌላ የሚያየው ስላጣ ነው።»

«‹ተነቧል› ይላል እኮ!» ሲል ልጁ ዙሪያውን አየ፤ አንድ ሰው እውነትህን ነው እንዲለው የፈለገ ይመስላል።

ፀሐዩ የሌንሳን ካቴና እየፈታ ነበር። ሌንሳ አንጓዋን እያሸች ቀና ብላ አየችው።

«ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አልቅሼበታለሁ። ‹እባክዎ ለልጁ አንድ ቃል ልጻፍለት› ብዬ ጋሽ አምባውን ለምኛቸው ነበር። እምቢ አሉኝ።»

ፀሐዩ ያንኑ ካቴና ይዞ ወደ የሺዋስ መጣ። የሺዋስ እጆቹን ዘረጋለት፤ ዓይኑ ግን ከሌንሳ ላይ አልተነሣም።

«ወደድሽው እንዴ?» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ። «የቱ ጋ ነው ያለቀስሽው?»

ሌንሳ ግን ዞራ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ልጇ ታች ያለቅሳል።